ሲስተሙ ሲታደስ ዋይፋዩ ለምን ይቆራረጣል?

ላፕቶፑ እስከ ትናንት ደኅና ነበር። ማታ አዲስ የዊንዶውስ ወይም የሊኑክስ ሥሪት ተጫነበት፤ ከዚያ ወዲህ ዋይፋዩ ይይዛል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመለሳል። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ራውተር ስልኩ ቪዲዮ ሳይንገራገጭ ያጫውታል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ጥገና ሱቅ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚፈረድበት ፍርድ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ፎርማት ፋይል ያጠፋል፣ ፕሮግራሞችን ሁሉ እንደ አዲስ ያስጭናል። በላዩ ላይ ያው አዲስ ሥሪት ከተመለሰ ደግሞ ችግሩን ያመጣው ሶፍትዌርም አብሮ ይመለሳል። ስለዚህ ከፎርማት በፊት የዋይፋይ ካርዱን ማወቅ ይቀድማል፤ ምን እንደሆነ፣ ከማን ጋር ተስማምቶ እንደሚሠራና ስምምነቱ የት ላይ እንደሚፈርስ።

ካርዱና አንቴናው

ባለፉት ዓመታት በተሠሩት ብዙዎቹ ላፕቶፖች ውስጥ የዋይፋይ ካርዱ 22 በ30 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ሰሌዳ ነው። በአንድ ብሎን ከዋናው ቦርድ ጋር ይታሰራል፤ ብሉቱዝም የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ካርድ ነው። ከካርዱ የሚነሱ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ብዙውን ጊዜ በማጠፊያው በኩል አልፈው ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ይወጣሉ፤ አንቴናዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ስክሪን ተቀይሮ ወይም ማጠፊያ ተጠግኖ ከሆነ አንዱ ሽቦ ተላቆ ሊሆን ስለሚችል ጥፋቱን ሁሉ በአፕግሬዱ ላይ መጫን አይገባም። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ግን ካርዱ ቦርዱ ላይ ስለተበየደ አይነቀልም።

ቺፑን ከሚሠሩት መካከል ኢንቴል፣ ሪልቴክ፣ ሚዲያቴክ፣ ኳልኮምና ብሮድኮም ይገኛሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ አንድ ዓይነት የላፕቶፕ ሞዴል በተለያየ ጊዜ የተለያየ ካርድ ተገጥሞለት ሊሸጥ ይችላል። ለጎረቤት ላፕቶፕ የሠራ መፍትሔ ለተመሳሳዩ ሞዴል ላይሠራ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» የሚለውን ሲከፍቱ የካርዱ ሙሉ ስም ይገኛል። ማንኛውም መፍትሔ ፍለጋ መነሣት ያለበት ከላፕቶፑ ስም ሳይሆን ከዚህ ስም ነው።

ካርዱ የሚሸከመው ታሪክም ቀላል አይደለም። የዋይፋይ መሠረት የሆነው 802.11 የተባለው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ2 ሜጋቢት አያልፍም ነበር። በ1999 ወደ 11 ሜጋቢት አደገ። ኢንቴል በ2003 ሴንትሪኖን ሲያወጣ ዋይፋይ ተጨማሪ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የሚሸጥ ነገር እየሆነ መጣ። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ትውልዶች ተደራርበዋል፤ አዲስ የይለፍ ቃል መጠበቂያ፣ አዲስ ፍሪኩዌንሲ፣ አዲስ የኃይል ቁጠባ ስልት መጥቷል። ካርዱና ራውተሩ በተገናኙ ቁጥር ከዚህ ሁሉ ውስጥ በየትኛው እንደሚሠሩ መስማማት አለባቸው፤ ስምምነቱ በበዛ መጠን የሚፈርስበት ቦታም ይበዛል።

ሦስቱ ሸሪኮች

ዋይፋይ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች መግባባት አለባቸው። የመጀመሪያው ካርዱ ራሱ ነው። ሁለተኛው ፈርምዌር ይባላል፦ በካርዱ ላይ ባለው ትንሽ ፕሮሰሰር ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በብዙ ዘመናዊ ካርዶች ይህ ፕሮግራም ካርዱ ላይ ለዘለቄታው አይቀመጥም፤ ላፕቶፑ በተነሣ ቁጥር ከዲስክ ተነሥቶ ይጫንበታል። ሦስተኛው ድራይቨር ነው፤ በሲስተሙና በካርዱ መካከል ትእዛዝ የሚያመላልስ ፕሮግራም።

አፕግሬድ ሲደረግ ካርዱ አይለወጥም፤ ድራይቨሩና ፈርምዌሩ ግን ሊለወጡ ይችላሉ። ዊንዶውስ የላፕቶፑ አምራች ያዘጋጀውን ድራይቨር በሌላ ሊተካው፣ የኃይል አጠቃቀም ምርጫዎችንም ሊለውጥ ይችላል። በሊኑክስ የኢንቴል ካርዶች ድራይቨር ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት ጋር አብሮ ይመጣል፤ ፈርምዌሩ ደግሞ በሌላ ጥቅል ይሰራጫል፤ አንዱ ታድሶ ሌላው ሲቀር አለመግባባት ይፈጠራል። አንዳንድ የቆዩ የብሮድኮም ካርዶችና አንዳንድ የሪልቴክ ካርዶች ድራይቨራቸው ከከርነሉ ውጭ የሚኖር በመሆኑ ከርነል በተቀየረ ቁጥር እንደገና መገንባት አለበት። ግንባታው ከከሸፈ ዋይፋዩ ጨርሶ ይጠፋል። በከፊል ሲስማማ ነው መቆራረጥ የሚመጣው።

ለመቆራረጥ ከሚጠረጠሩት ቀዳሚው የኃይል ቁጠባው ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ካርዱ በየመሀሉ ያሸልባል። ያን ጊዜ የሚመጣለትን መልእክት ራውተሩ እንደ አደራ ተቀባይ ጎረቤት ይይዝለታል፤ በሴኮንድ አሥር ጊዜ ያህል በሚለቀው ምልክት ውስጥም «ያንተ አደራ አለ» እያለ ያስታውቃል። ካርዱ በሰዓቱ ነቅቶ ምልክቱን ካልሰማ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይጠፋል። የአዲሱ ድራይቨር የእንቅልፍ ሰዓት ከራውተሩ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ተጠቃሚው የሚያየው ነገር የተለመደ ነው፦ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፣ ገጹ ግን አይከፈትም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የአገር ቅንብር ነው። ሬዲዮ በየአገሩ የሚፈቀድለት ቻናል ይለያያል። በ2.4 ጊጋኸርዝ አሜሪካ ውስጥ በተለምዶ የሚሠራው ከ1 እስከ 11 ባሉት ሲሆን በብዙ የዓለም ክፍል እስከ 13 ይደርሳል። አዲሱ ሲስተም ላፕቶፑን አሜሪካ ያለ አድርጎ ከቆጠረውና ራውተሩ ቻናል 13 ላይ ከሆነ ኔትወርኩ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ብዙ ራውተሮች ሲነሡ ቻናል በራሳቸው ይመርጣሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንድ ቀን የሚታየው ዋይፋይ በሌላው ቀን የማይታይበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

መለየት

ከመንካት በፊት ጥፋቱ ያለበትን ወገን መለየት ጊዜ ያተርፋል። ስልኩና ሌላ ላፕቶፕ በዚያው ቦታ የሚቆራረጡ ከሆነ ጥያቄው ለራውተሩ ወይም ለመስመሩ ነው። አንዱ ላፕቶፕ ብቻ ከሆነ ምርመራው ይቀጥላል።

ቀላሉ መሣሪያ ፒንግ ነው። በትእዛዝ መስኮቱ መጀመሪያ ራውተሩን፣ ቀጥሎ ከቤት ውጭ ያለን አድራሻ መጠየቅ ነው። የራውተሩ አድራሻ በብዛት 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ራውተሩ ሳያቋርጥ እየመለሰ የውጭው ከጠፋ ዋይፋዩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ በመስመሩ፣ በቪፒኤን ወይም በሌላ የኔትወርክ ቅንብር በኩል ይፈለጋል። የውጭው አድራሻ በቁጥር ሲጠየቅ መልሶ በስም ሲጠየቅ ዝም ካለ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ይታይ። ራውተሩ ራሱ አንዴ መልሶ አንዴ ዝም ካለ ግን ችግሩ በካርዱና በራውተሩ መካከል ነው።

የሲግናሉን ጉልበትም በቁጥር ማየት ይበጃል። የሚለካው በዲቢኤም ሲሆን ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፦ −50 በጣም ጥሩ፣ −67 አካባቢ ለቪዲዮ ጥሪ የሚበቃ፣ −80 ደካማ ነው። ሲግናሉ −50 ሆኖ የሚቆራረጥ ከሆነ ግድግዳውንና ርቀቱን መክሰስ አያስኬድም፤ ድራይቨሩ ይመርመር። ዊንዶውስ የዋይፋዩን ውሎ የሚዘረዝር ሪፖርት በአንድ ትእዛዝ ያወጣል፤ መቼ እንደተቋረጠና ምክንያቱ ምን ተብሎ እንደተመዘገበ ያሳያል። በሊኑክስ የከርነሉ መዝገብ ፈርምዌሩ ወድቆ እንደገና ከተነሣ ይጽፈዋል። መቋረጡ የተከሰተበትን ሰዓት ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ከግምት ያድናል።

መጠገን፣ አንድ በአንድ

ሕጉ አንድ ነገር ለውጦ መሞከር፣ ካልሠራ መልሶ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። አምስት ነገር በአንዴ የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ ምን እንዳሳካለት አያውቅም።

መነሻው ሪስታርት ነው። በዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕ ከበራ «ሻት ዳውን» የድራይቨሮችን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲነሣ ይመልሰዋል፤ ሁሉን ከዜሮ የሚያስጀምረው «ሪስታርት» ነው። ቀጥሎ የተቀመጠውን ኔትወርክ «ፎርጌት» ብሎ የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ ማስገባት።

ካልሆነ የኃይል ቁጠባው ይጥፋ። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የካርዱ «ፓወር ማኔጅመንት» ገጽ ካለ፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ማንሣት ነው። ከሊኑክስ ሥሪቶች አንዱ በሆነው በኡቡንቱ ኔትወርክ ማኔጀር የዋይፋይ ቁጠባን በቁጥር ያዝዛል፦ 3 ይብራ፣ 2 ይጥፋ ማለት ነው። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቃል፤ መቆራረጡ ከቆመ ግን ምክንያቱ ተገኝቷል።

ቀጥሎ ተራው የድራይቨሩ ነው። ዊንዶውስ የቀድሞውን ካስቀረው «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለው ቁልፍ ይመልሰዋል። ቁልፉ ደብዝዞ የማይነካ ከሆነ ከላፕቶፑ ወይም ከቺፑ አምራች ገጽ ትክክለኛውን ማውረድ ይቻላል። በሊኑክስ ላፕቶፑ ሲነሣ በግረብ (የማስነሻ ምርጫ) ዝርዝር ውስጥ የቀድሞውን ከርነል መርጦ ማስነሣት ቀላል ፈተና ነው፤ በእሱ ደኅና ከሠራ ካርዱ ጤነኛ፣ ጥፋተኛው አዲሱ ከርነል ወይም ድራይቨሩ መሆኑ ይታወቃል።

ኢንተርኔት የሌለው ላፕቶፕ ድራይቨር በምን ያውርድ? የአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ተገናኝቶ ዩኤስቢ ቴተሪንግ ሲበራ ላፕቶፑ ያለ ዋይፋይ ካርድ ኢንተርኔት ያገኛል። ስልኩ ራሱ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ብዙዎቹ አንድሮይዶች እሱኑ በገመዱ ስለሚያሳልፉ የሞባይል ዳታ ጥቅል አይበላም።

በራውተሩ በኩል ሦስት ነገሮች ይሞከራሉ፦ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 በአንዱ ላይ ማጽናት፣ ለ2.4ና ለ5 ጊጋኸርዝ የተለያየ ስም መስጠት፣ የይለፍ ቃል መጠበቂያው የደብሊውፒኤ 2ና የ3 ቅይጥ ከሆነ ለሙከራ ወደ 2 ብቻ መመለስ። ዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክም በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ጩኸት ሊፈጥር ስለሚችል ነቅሎ ማየት ነው።

ሁሉ ካልሠራ ካርዱን መቀየር ይቻላል፤ ግን ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንዳንድ የቆዩ ኤችፒና ሌኖቮ ላፕቶፖች ባዮሳቸው (ላፕቶፑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውጭ ያለ ካርድ አይቀበልም። የኢንቴል ኤኤክስ 200ና ኤኤክስ 201ም መንትያ ይምሰሉ እንጂ 201 የሚሠራው ለእሱ በተዘጋጁ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ብቻ ነው። ላፕቶፑን መክፈት ለማይፈልግ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ አስማሚ ይበቃዋል።

ከሚቀጥለው አፕግሬድ በፊት

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ አለማደስ መፍትሔ ሊሆን አይችልም፤ ዋይፋይ የሚሠራለት ነገር ግን በደኅንነት ክፍት የሆነ ላፕቶፕ ትርፉ ጥቂት ነው። ስለዚህ መዘጋጀት ይሻላል። የካርዱን ስም መጻፍ፣ አሁን የሚሠራውን ድራይቨር ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ፣ የግል ፋይሎችን ሌላ ቦታ መገልበጥ። ኡቡንቱ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ ተነሥቶ የሚሞከርበት መንገድ ስላለው አዲሱ ሥሪት ካርዱን ያውቀው እንደሆነ ከመጫን በፊት መፈተን ይቻላል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከተጫነ በኋላ በመደበኛው አሥር ቀን ወደ ቀድሞው የመመለሻ ጊዜ ይሰጣል፤ ዋይፋዩን በደንብ መፈተሽ የሚገባው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ነው። ይህን ያዘጋጀ ሰው ጥገና ሱቅ ቢሄድ እንኳ ፎርማት ከመፍቀዱ በፊት የካርዱን ስምና የሞከራቸውን ነገሮች ይናገራል፤ ባለሙያውም ሥራውን ከዚያ ይቀጥላል።