ማርሚታዋን አስበስቼ መጋዜን ገደልኳት

እኔ ባህር ዛፍ ቆርጬ የማድር ሰው ነኝ። ባለ 50 ሲሲ የሞተር መጋዜ ጉልበት አነሳት ብዬ፣ አንድ የሰፈር መካኒክ ማርሚታዋን በመሰርሰሪያ በሳልኝ። እኔም አላረፍኩ፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የ40 ሳንቲሜትር ብረት በ70 ቀየርኩት። ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው! ጉልበት መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ፒስተኑ ተጣብቆ ቀረ። ለልጆቼ ትምህርት ቤት ያስቀመጥኩትን ብር ጥገናው በላው።

ለካስ ማርሚታ ሲሰፋ አየሩ ይበዛል፤ የካርቡራተሩን ብሎን ከፍቶ ቤንዚን ካልጨመሩለት ሞተሩ ይግላል። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚገባውም ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ረጅሙ ብረት ደግሞ ብዙ ጥርስ ባንዴ እንጨት ውስጥ ይከትና ሞተሩን ያንቃል።

አሁን ወደ 40 ተመልሻለሁ። ወፍራም ግንድ ሲገጥመኝ ከሁለት በኩል እገባለታለሁ። የፈለግኩትን ጉልበትማ ሞረድ ሰጠኝ፤ ቤንዚን በሞላሁ ቁጥር ጥርሶቿን እስላለሁ። መካኒኩ ግን የበሳውን ለመበየድ ሌላ ሂሳብ ጠየቀኝ። ይሄ ይባላል?