ሲጋራ ያቆመ ሰው ስንት ስኒ ቡና ይጠጣ?

በካሊፎርኒያ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምግብ ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ስለዚህ ኦክላንድ ያለው ቤቴ ውስጥ ቡና ሲቀዳ አጫሹ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል። እኔም አብሬ እወጣ ነበር፤ ልጄ «አባዬ፣ ሲጋራ ሲጋራ ትሸታለህ» እስክትለኝ ድረስ።

ብቻዬን ሁለቴ ሞክሬ አልሆነም። ሦስተኛውን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር፣ ሰኞ ማታ እየተሰበሰብን ተያያዝነው። የረሳነው ቡናውን ነበር! ሲጋራ ካፌይንን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣል፤ ማጨስ ሲቆም ግን ያው የለመዱት ቡና እጥፍ ሆኖ ይሰማል። እጃችን ሲንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ የሲጋራው ሱስ ብቻ መስሎን ነበር። አሁን አቦል ጠጥተን እንበቃለን፤ ቶናና በረካ ቀርቷል።

ኪክ ኢት ካሊፎርኒያ በስልክ 800-300-8086 በነፃ ይመክራል፤ ለቻይንኛ፣ ለቬትናምኛና ለኮሪያኛ ተናጋሪዎችም መስመር አለው። በአማርኛ እያወራ ማቆም የሚፈልግ ግን ሰኞ ማታ በሬን ያንኳኳ።