የአይሁድን ስደት በሚናገሩ ግጥሞች ውስጥ የእንስሳት ቦታ

የእንግሊዙ ባለቅኔ ደብልዩ ኤች ኦደን በመጋቢት ወር 1939 የጻፈውን «የስደተኞች ብሉዝ» የተባለ ግጥም በክፍል ውስጥ ባነበብን ጊዜ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በግጥሙ የሚናገረው ከጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ ነው። አገር ያጣ፣ ፓስፖርቱ የማይታደስለት፣ ከየቢሮው በትሕትናም በቁጣም የሚመለስ ሰው ነው። ታዲያ ይህ ሰው በመንገዱ ላይ ካፖርት ለብሶ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘለትን ውሻ ያያል። በር ተከፍቶላት ወደ ቤት የምትገባ ድመት ያያል። ከወደብ ዳር ቆሞ ዓሦችን፣ ከጫካ ገብቶ ወፎችን ይመለከታል። ክርክራችን፣ ውሻው ማን ነው? የሚል ነበር።

በሰምና ወርቅ ያደግን ስለ ሆንን ብዙዎቻችን ወዲያው ወርቁን ፍለጋ ገባን። አንዱ ውሻው የለንደን ሀብታም ነው አለ። ሌላው ድመቷ ሃይማኖቱን ለውጦ ከአደጋ ያመለጠ ይሁዲ ናት አለ። ወፎቹን መላእክት ያደረጋቸውም አልጠፋ። ጥቂቶች ብቻ ውሻው ውሻ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም ብለው ጸኑ። ክርክሩ በሣቅ ተጀመረ፤ ነገሩን በኋላ ስንመረምረው ግን የግጥሙ ቁም ነገር በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ሆኖ አገኘነው።

በቅድሚያ ግጥሙ የተጻፈበትን ጊዜ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1935 በኑረምበርግ የወጡት ሕጎች የጀርመንን አይሁዳውያን ከዜግነት መብት አወጧቸው። በሐምሌ 1938 የ32 መንግሥታት መልእክተኞች ኤቪያን በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ስለ ስደተኞቹ ሊመክሩ ተሰበሰቡ፤ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በቀር በሩን በሰፊው ልክፈት ያለ አልነበረም ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት በጥቅምት የጀርመን መንግሥት የአይሁዳውያንን ፓስፖርት ሁሉ ሰረዘ፤ እንደገና የሚጸናው ይሁዲ የሚለው የጀርመንኛ ቃል መጀመሪያ ፊደል በቀይ ሲታተምበት ነበር። እንግዲህ በግጥሙ ውስጥ ፓስፖርት የሌለው ሰው በሕግ ፊት እንደ ሞተ ይቈጠራል የሚለው የቆንሲል ሹም ነገር የባለቅኔ ማጋነን አይደለም።

ኦደን ራሱ አይሁዳዊ አልነበረም። በጥር 1939 ወደ አሜሪካ የሄደውም ማንም አሳዶት አልነበረም። ነገር ግን ወረቀት የሰውን ሕይወት እንዴት እንደሚያድን በቅርብ ያውቅ ነበር። የዝነኛው ደራሲ የቶማስ ማን ልጅ ኤሪካ ማን የጀርመን ዜግነቷን ልታጣ በተቃረበች ጊዜ፣ በ1935፣ ከዚያ በፊት አይቷት የማያውቃትን ይህችን ሴት አግብቶ የእንግሊዝ ፓስፖርት እንድታገኝ አድርጓል። ፓስፖርት በጋብቻ የሰጠ ሰው ፓስፖርት ስለ ተነፈገው ሰው ሲጽፍ የሚናገረውን ያውቃል።

አሁን ወደ እንስሳቱ እንመለስ። ስለ እስራኤል ስደት የሚናገረው የቀድሞው ቅኔ በእንስሳት የተሞላ ነው፤ እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ በዳዊቱ እናውቀዋለን። በመዝሙር 101 ኀዘንተኛው ራሱን በምድረ በዳ ካለ ወፍ፣ በፍርስራሽ ከምታድር ጉጉት፣ በሰገነት ላይ ብቻዋን ከቀረች ድንቢጥ ጋር ያመሳስላል። በሰቆቃወ ኤርምያስ የጽዮን መኳንንት መሰማሪያ እንዳጡ ዋላዎች ሆነዋል። በመካከለኛው ዘመን የዕብራይስጥ መዝሙር ውስጥ የእስራኤል ጉባኤ ከጎጆዋ የራቀች ርግብ ናት። በስፔን ተወልዶ በ1140 ወደ ምሥራቅ ጉዞ የጀመረውና በ1141 የሞተው ይሁዳ ሃሌዊ በዝነኛው የጽዮን ቅኔው ለለቅሶ ጊዜ ራሱን ቀበሮ፣ የመመለስን ሕልም ሲያልም ደግሞ በገና ያደርጋል። ቀበሮው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በነቢያት መጻሕፍት ቀበሮ የፈረሰ ከተማ ነዋሪ ነውና፣ ባለቅኔው እንደ ቀበሮ ስጮኽ ሲል ድምፁን ከፍርስራሹ ውስጥ ያሰማል። በእነዚህ ሁሉ እንስሳው ሰም፣ ስደተኛው ወርቅ ነው።

ሰሙ ግን ሁልጊዜ ርግብ ሆኖ አይቀርም። በዱስልዶርፍ ተወልዶ ከ1831 ጀምሮ በፓሪስ የኖረው ሃይንሪሽ ሃይነ በ1851 ባሳተመው የግጥም መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሰንበት ልዕልት የሚናገር አንድ ግጥም አለ። እስራኤል የተባለው ልዑል በጠንቋይ እጅ ወደ ውሻነት ተለውጧል። ሳምንቱን ሙሉ በመንገድ ላይ የልጆች መሣቂያ ሆኖ ይሰነብትና ዓርብ ማታ ወደ ሰውነቱ ተመልሶ ምኵራብ ይገባል፤ ሰንበት ሲያልፍ ደግሞ ውሻነቱ ይጠብቀዋል። ሃይነ ይህን የጻፈው በሣቅ ነው፣ ሣቁ ግን ይመርራል። በአገራችንም ሰውን ውሻ ብሎ መስደብ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ሰም ክብደት ለመገመት አይቸገርም።

ሐይም ናሕማን ቢያሊክ የባሰውን አደረገ። በሚያዝያ 1903 በኪሺኔቭ ከተማ 49 አይሁዳውያን ከተገደሉ በኋላ ወደ ስፍራው ተልኮ የተረፉትን ጠየቀና ስለ ግድያው ረጅም ግጥም ጻፈ። በዚያ ግጥም ውስጥ አንድ ይሁዲና ውሻው በአንድ መጥረቢያ ተሠይፈው በአንድ የቆሻሻ ክምር ላይ ተጥለዋል። የተደበቁትን ወንዶች ደግሞ ባለቅኔው ከአይጥና ከትኋን ጋር ያመሳስላቸዋል። የሚቈጣው በገዛ ወገኑ ላይ ነው፤ ተነሡ፣ ራሳችሁን ተከላከሉ ለማለት ነው። በእርግጥም ግጥሙ ብዙ ወጣቶችን አነሣሥቷል። እኛ ግን ይህን ክፍል ስናነብ ሥጋት ያድርብናል። ከ37 ዓመት በኋላ፣ በ1940፣ የናዚዎች የፕሮፓጋንዳ ሠራተኞች «ዘለዓለማዊው ይሁዲ» በተባለው ፊልማቸው የአይጥ መንጋ ከአይሁዳውያን ምስል ጎን አቀረቡ። ቢያሊክ ለዚህ ተጠያቂ ነው ማለታችን አይደለም፤ እርሱ የነቀፈው ወገኑን ስለ ወደደ ነው። ሆኖም ሰሙ አንድ ጊዜ ከባለቅኔው እጅ ከወጣ ወርቁን ማን እንደሚያፈስበት አይታወቅም።

ኦደን በ1939 ብዕሩን ሲያነሣ ሁኔታው ይህን ይመስል ነበር። አሳዳጆቹ አይሁዳውያንን ከሰው ተራ አውጥተው ከተባይ ጋር በሚቈጥሩበት ሰዓት ስደተኛውን ከማንኛውም እንስሳ ጋር ማመሳሰል፣ ርግብም ብትሆን፣ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ አላመሳሰለም። እንስሳውንና ሰውየውን ጎን ለጎን አቆማቸውና ለአንዱ የተሰጠው ለሌላው እንዳልተሰጠ ብቻ አሳየን። ውሻው ውሻ መሆን አለበት። ውሻው ሀብታም ሰው ከሆነ ነገሩ ሀብታም ካፖርት አለው ወደሚል ተራ ወሬ ይወርዳል።

ይህን አካሄድ ኦደን ከባዶ አልፈጠረውም። በመዝሙር 83 ድንቢጥና ዋኖስ ከመሠዊያው አጠገብ ጎጆ አግኝተዋል፤ ዘማሪው ግን ገና ይናፍቃል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ስለ ቀበሮዎችና ስለ ወፎች የተነገረውም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። ነገር ግን ኦደን ከመጠለያው ላይ አንድ ነገር ጨመረ፤ ለእኛ ከሁሉ የበለጠ የሚታየን ይህ ነው። አራቱ እንስሳት ሁለት ሁለት ሆነው ይከፈላሉ። ውሻውና ድመቷ የቤት ናቸው። ካፖርቱን ለውሻው ያለበሰው፣ መርፌ ቁልፉን የወጋለት ሰው ነው። ድመቷ በሩን ራሷ አልከፈተችም፤ የከፈተላት ሰው አለ። እንግዲህ በዚያች ከተማ ርኅራኄ አልጠፋም፣ እንዲያውም ተትረፍርፏል፤ የሄደው ግን ወደ ሌላ ነው። ዓሦቹና ወፎቹ በአንጻሩ ከሰው ምንም አልተቀበሉም። ከስደተኛው ጥቂት እርምጃ ርቀው ያለ ፓስፖርት ይዋኛሉ፣ ፖለቲከኛ የሚባል ሳይኖራቸው ይዘምራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰው ሊሰጥ ይችል የነበረውን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ሰው ባይከለክል ኖሮ ሊኖር ይችል የነበረውን ያመለክታሉ። ስደተኛው በሁለቱ መካከል ቆሞ ሁለቱንም አጥቷል።

ግጥሙ ከታሪክ ጋር ምን ያህል እንደ ተጋጠመ ለማሳየት ሁለት ነገር እንጨምር። የናዚ መንግሥት ሥልጣን በያዘበት በ1933፣ በኅዳር ወር፣ እንስሳትን ከጭካኔ የሚጠብቅ ሰፊ ሕግ አውጥቶ ነበር። በ1942 ደግሞ አይሁዳውያን የቤት እንስሳ እንዳይኖራቸው ከለከለ። በድሬስደን ይኖሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ቪክቶር ክሌምፐረር በዚያ ዓመት በግንቦት ድመታቸውን ወደ ሐኪም ወስደው ለማስገደል መገደዳቸውን በማስታወሻቸው ጽፈዋል። ኦደን ግጥሙን ሲጽፍ ይህ ገና አልሆነም ነበር።

እስካሁን ሁለት መንገድ አየን፤ እንስሳው ሰም የሚሆንበትንና እንስሳው ለንጽጽር የሚቆምበትን። ሦስተኛው መልእክተኛው ወፍ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ወደ አገራችን ይገባል።

ቢያሊክ ገና ወጣት ሳለ በ1892 በኦዴሳ ያሳተመው የመጀመሪያ ግጥሙ ለአንዲት ወፍ የተነገረ ነው። ወፊቱ ከሞቃቱ አገር ወደ መስኮቱ ስትመለስ በጽዮን ስላሉት ወንድሞቹ ይጠይቃታል፣ የራሱንም መከራ ይነግራታል። በዚህ በኩል ደግሞ በጎንደርና በአካባቢው የነበሩት የቤተ እስራኤል ልጆች ሽመላ በሰማይ ስታልፍ አንጋጠው የኢየሩሳሌምን ደኅንነት በዜማ ይጠይቋት ነበር። የጥያቄው አነጋገር ለዘመድ የሚቀርብ ሰላምታ ነው። ከተማይቱ እንደ ታመመች አክስት ትጠየቃለች። ቢያሊክ ረጅም ስንኝ ደርድሮ ያለቅሳል፤ ልጆቹ ግን ጠይቀው ዝም ይላሉ። እውነቱን ለመናገር እኛ የልጆቹን እንመርጣለን።

ልጆቹ ወፏን በከንቱ አልመረጧትም። ነጭ ሽመላ የአውሮፓ በጋ ሲያልቅ ወደ ደቡብ ትጓዛለች። በምሥራቁ መንገድ የሚበሩት እጅግ ብዙ ሽመላዎች በእስራኤል ምድር፣ በሲና፣ ከዚያም በዓባይ ሸለቆ አድርገው ወደ ሱዳንና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይመጣሉ፤ በጸደይ በዚያው ይመለሳሉ። ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 8 ሽመላ ጊዜዋን እንደምታውቅ ጠቅሶ ሕዝቡን ወቅሷል። ስለዚህ ይህች ሽመላ ሰምም ምሳሌም አይደለችም። በእርግጥ ከዚያ የመጣች ናት።

ጠያቂዎቹ ራሳቸው መንገዱን የጀመሩ ጊዜ ነገሩ እንደ ወፏ አልሆነላቸውም። በ1984 ብዙ ሺህ ሰዎች ከጎንደርና ከትግራይ በእግር ወደ ሱዳን ወረዱ። በመንገድና በመጠለያ ሰፈሮቹ ወደ 4,000 የሚሆኑት እንደ ሞቱ ይነገራል። የተረፉት ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ ተጓጓዙ።

የሽመላው ዜማ ዛሬ በእስራኤል አገር በመጽሐፍና በመድረክ ይታወቃል፤ የሚታወቀው ግን በአንድ አጭር መልክ ነው። በልጅነታቸው በየመንደሩ ያዜሙት ሰዎች አሁን ሸምግለዋል። በወገራ ይዜም የነበረው በስሜን ከሚዜመው ይለይ እንደ ሆነ፣ ልጆቹ ወፏ ወደ ሰሜን ስትሄድ የሚሏት ወደ ደቡብ ስትመጣ ከሚሏት ሌላ እንደ ነበረ፣ እነርሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ዓመት ለዚህ ሥራ የሚነሣ ተማሪ ቢገኝ፣ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የሰበሰብነውን ማስታወሻ ሁሉ እናስረክበዋለን።