የሳይንስ ተማሪው ከደብረ ማርቆስ ወዴት ይሂድ?

ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የተወለዱት ፍኖተ ሰላም ነው። በልጅነታቸው የአንበጣ መንጋ የደረሰ ሰብል ጠርጎ ሲበላ ማየታቸው ወደ ግብርና ሳይንስ እንደ መራቸው ተናግረዋል። ከአካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። ማስተርሳቸውን በሞንታና፣ ዶክትሬታቸውን በካንሳስ ሠሩ። ኮሎምቢያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ክልል ግብርና ማዕከል ለዓመታት የዕፅዋት በሽታ ሲያጠኑ ቆዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ናይሮቢ ያለውን የነፍሳት ሳይንስ ማዕከል፣ ኢሲፔን፣ መምራት ጀመሩ። በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሰጣቸው።

ይህ ታሪክ በደብረ ማርቆስም ሆነ በእንጅባራ ግቢ ሲነሳ እንደ ተአምር ነው የሚወራው። ተአምር የተባለ ነገር ደግሞ ለሌላው ሰው መንገድ አይሆንም። እኔ ልብ የምለው መነሻውን ነው። ዶክተር ሰገነት የተነሱት ከቀያቸው ችግር ነበር፤ ዓለም አቀፉ መድረክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ስለ በጎ ፈቃድ፣ ስለ ጉባኤና ስለ ስታርትአፕ ሲወራ ተማሪው በአብዛኛው የሚጠይቀው ከመጨረሻው ጀምሮ ነው፦ ገንዘብ የሚሰጥ ውድድር የት አለ? ውጭ አገር የሚወስድ ጉባኤ የቱ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተራ ጉዳይ ግን አለበት። አመልካቹን ከሌላው የሚለየው በእጁ የሠራው ሥራ ነውና እሱ ይቅደም። ያንን የመጀመሪያ ሥራ ለማግኘት ደግሞ ከበጎ ፈቃድ የቀረበ በር የለም።

ተማሪን ወደ ገጠር የመላክ ልማድ በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ግዴታ ነበረበት፤ ብዙዎቹ በመምህርነት ነበር የሚመደቡት። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በየአውራጃው ተሰማሩ። ሁለቱም በፈቃድ የተደረጉ አልነበሩም፤ የኋለኛው ደግሞ ብዙ ደም የፈሰሰበት ዘመን መግቢያ ሆኗል። ሆኖም የከተማው ተማሪ ገበሬው ምን እንደሚበላና በምን እንደሚታመም ያየው በእነዚህ አጋጣሚዎች ነው።

አሁን በየክረምቱ የሚካሄደው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ችግኝ ተከላን፣ የአረጋውያንን ቤት ማደስን፣ ደም ልገሳንና የማጠናከሪያ ትምህርትን ይዟል። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የመጀመሪያ ዕርዳታ በጎ ፈቃደኞችን ያሠለጥናል። ሁሉም ያስመሰግናል። ነገር ግን የኬሚስትሪው ተማሪም የታሪኩም ተማሪ አንድ ዓይነት ጉድጓድ ሲቆፍሩ ክረምቱ ያልፋል፤ ሦስት ዓመት የተማረው ነገር ከመኝታ ክፍሉ አይወጣም። ይህ ብክነት ነው እላለሁ፤ በጎጃም ደጋ ላይ ያለው ሥራ ዕውቀቱን የሚፈልግ ነውና።

የአፈሩን ነገር እንውሰድ። በጮቄ ተራራ ዙሪያ፣ በስናን፣ በጎዛምንና በማቻክል ወረዳዎች ብዙ ማሳ አሲዳማ ሆኗል። ብርቱው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ ሰብሉ ከነገለባው ይሰበሰባል፤ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የተክሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም ይታሰራል። ገበሬው ተበድሮ የገዛውን ማዳበሪያ ቢያፈስበት ገብሱ አይነሳም። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ የኖራ ድንጋዩም ሩቅ አይደለም፣ ደጀን በአባይ በረሃ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ይታያል። የጎደለው የትኛው ማሳ ምን ያህል ኖራ እንደሚፈልግ ለይቶ ማወቁ ነው።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ከአንድ ማሳ ከተለያየ ቦታ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ተቆፍሮ ይቀላቀላል፤ ጥላ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ተፈጭቶ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። ከዚያ 10 ግራሙ በ25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ተበጥብጦ ጥቂት ከቆየ በኋላ በፒኤች ሜትር ይነበባል። የኖራውን መጠን ለመወሰን አሲድነቱ በታይትሬሽን ይለካል። ታይትሬሽን የሠራ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይህን ያውቀዋል፤ ክፍል ተቀምጦ ብቻ ቢያውቀው ግን ምን ይጠቅማል? ጥቂት ተማሪዎች ከአንድ መምህርና ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር ሆነው አንድ ክረምት ቢሠሩ ገበሬው ውጤቱን በወረቀት ያገኛል፤ ተማሪዎቹም ማንም ያልያዘው መረጃ በእጃቸው ይገባል። የጉባኤ ጽሑፍ የሚወለደው ከእንዲህ ያለው መረጃ ነው።

ለሌላውም ትምህርት እንዲሁ ነው። የባዮሎጂ ተማሪ ጮቄን የመሰለ፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚወጣና የአባይ ገባሮች የሚመነጩበት ተራራ ደጃፉ ላይ አለው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄን የኢኮ ቱሪዝም መንደር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎታል። የጂኦሎጂ ተማሪ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርድ ከላይ ባዛልቱን፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋዩን፣ ከዚያ በታች የአሸዋ ድንጋዩን በአንድ ቀን መንገድ ያነባል። በአዊ ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ እየተከሉ ከሰል ሲሸጡ፣ የደከመ መሬታቸውንም ሲያሳርፉ ቆይተዋል፤ የደን ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር መጥተው ያጠኑት የእነሱን ዘዴ ነው። ጣና ላይ እምቦጭ የተባለው አረም ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ስንት ሰው ከነልብሱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነቅሏል፤ አረሙን የሚያጠና ተማሪም ያስፈልጋል።

ከግቢ ሳይወጡ የሚሠራ በጎ ፈቃድም አለ። ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች የቴክኖሎጂ ስብስብ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ አማርኛን ጨምሮ በ10 ቋንቋዎች የዜና ጽሑፍ ውስጥ የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞችን የለዩት በየአገሩ ያሉ የቋንቋው ተናጋሪዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ በጽሑፉ ላይ በጋራ ጸሐፊነት ስማቸው ሰፍሯል። በአገራችን ኢትዮ ኤንኤልፒ የተባለው ስብስብ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። አማርኛን ከደብረ ማርቆስ ልጅ በላይ ማን ያውቃል? የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም በ2004 እ.ኤ.አ. የተነሳው በጥቂት የዘርፉ ወዳጆች ፍላጎት ነበር። ከዓመታት በኋላ እንጦጦ ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆሙ፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይቷን አመጠቀች። የማኅበሩ ክበቦች በዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ በሌለበት መመሥረት ይቻላል።

ወደ ጉባኤ እንምጣ። ጎጃም ጉባኤን ከማንም አይማርም። የቅኔ ተማሪ ስልቻውን አንግቶ ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ዲማ ሲዞር የኖረው የሌላውን መምህር መንገድ ለመስማትና የራሱን ቅኔ በጓደኞቹ ፊት አቅርቦ ለመታረም ነው። የሳይንስ ጉባኤም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ያልተጠናቀቀ ሥራ ይዞ መቅረብና በአደባባይ መታረም። ጽሑፉ ካልተሟላ አልሄድም የሚል ተማሪ የሚጠቅመውን ነገር ነው የሚሸሸው።

የመጀመሪያው መድረክ የራሱ ግቢ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ዓመታዊ የምርምር ጉባኤ ያዘጋጃሉ፤ ተማሪው እንደ አቅራቢ ቀርቶ እንደ አድማጭ ቢገባ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ ያያል። ቀጥሎ ከደብረ ማርቆስ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕር ዳር አለ። የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዕድገት ጉባኤ ጽሑፎቹ በስፕሪንገር የታተሙለት ነው። አዲስ አበባ ላይ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የባዮሎጂ ማኅበራት ስብሰባ አላቸው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው የአውቶቡስ ገንዘብና ማደሪያ ነው። ትምህርት ክፍሎች በዓመት ለጥቂት ተማሪዎች ይህን ቢችሉ ከብዙ የሥልጠና ወጪ የሚሻል ይመስለኛል።

ከአገር ውጭ ያለው ነገር ይከብዳል፤ መክበዱንም መደበቅ አይገባም። በ2018 እ.ኤ.አ. ካናዳ በተካሄደ ትልቅ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ጉባኤ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው ቀሩ። ተመራማሪዋ ትምኒት ገብሩና ባልደረቦቿ የመሠረቱት፣ ብላክ ኢን ኤአይ የተባለው የዘርፉ ጥቁር ተመራማሪዎች ስብስብ ጉዳዩን አጥብቆ ያዘው፤ አይሲኤልአር የተባለው ሌላ ትልቅ ጉባኤም በ2020 አዲስ አበባ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ኮሮና መጣና በኢንተርኔት ብቻ ተካሄደ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ የተባለው የዚሁ ዘርፍ ጉባኤ በአፍሪካ ከተሞች ይሰበሰባል፤ አክራ፣ ዳካርና ኪጋሊ ተካሂዷል፤ ለተማሪ የጉዞ ድጋፍም አለው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ውሳኔ መጠበቂያውን ከ15 ወደ 45 ቀን አርዝሟል፤ ስለዚህ የሚያመለክት ሰው ወራት አስቀድሞ ይጀምር፤ ፓስፖርቱንም ግብዣ ሳይመጣ ያውጣ።

ለፊዚክስና ለሒሳብ ተመራቂ ከጉባኤም የሚበልጡ ሁለት በሮች አሉ። አንዱ ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም በ1964 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ትሪየስት ላይ የመሠረቱት የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ነው፤ ለታዳጊ አገር ተማሪ ሙሉ ወጪውን የሚሸፍን የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል። ሌላው በሩዋንዳ፣ በሴኔጋል፣ በጋና፣ በካሜሩንና በደቡብ አፍሪካ ያለው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም፣ ኤይምስ፣ ነው። ሴቶች ደግሞ ለዶክትሬት ኦደብሊውኤስዲ የተባለውን የታዳጊ አገራት ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያም አለኝ። ስለማያውቁት ትምህርት ሁሉ በአንድ አዳራሽ ጉባኤ እናደርጋለን የሚሉ፣ ጽሑፉን በሁለት ቀን ተቀብለው ወዲያው በዶላር ክፈል የሚሉ አዘጋጆች አሉ። ሳይመረምሩ የሚቀበሉ ናቸውና የእነሱ የምስክር ወረቀት ለማንም አይጠቅምም። እውነተኛ ጉባኤ የገምጋሚ አስተያየት ይልካል፤ ብዙ ጊዜም መክፈል ላልቻለ ተማሪ ክፍያውን የሚያነሳበት መንገድ አለው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷልና ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

የአማራ ክልል ሁኔታም መነገር አለበት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልሉ በተነሳው ጦርነት ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሳይጠሩ ወራት አለፉ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ፤ መንገድ ተዘጋ። በእነዚያ ወራት ስንት ማመልከቻ ቀኑ አለፈ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ነፃ ሥልጠና ለአዲስ አበባ ልጅ ስልክ መክፈት ብቻ ነው፤ ለጎጃም ልጅ ግን መብራትና ኔትወርክ የሚገናኙበትን ሰዓት መጠበቅ ይጠይቃል። ዕድል ሰጪዎች ይህን አውቀው ቀነ ገደብ ላለፈበት አመልካች ቢያስቡ ፍትሕ ነው።

ስለ ስታርትአፕ ከሁሉ በላይ ይወራል፤ እኔ ግን ባጭሩ አልፈዋለሁ። አይስ አዲስ የተባለው የስታርትአፕ ማዕከል በ2011 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ብሉ ሙን የተባለውን ማዕከል መሠረቱ፤ አይኮግ ላብስ የተባለው የቴክኖሎጂ ድርጅት ሶልቭ አይቲ የተባለ የወጣቶች ውድድር ከአዲስ አበባ ውጭ ወዳሉ ከተሞች ወሰደ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ የስታርትአፕ አዋጁም በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ማዕከሎቹ ግን አሁንም አዲስ አበባ ናቸው፤ ውድድሮቹም በአብዛኛው የስልክ መተግበሪያ ነው የሚጋብዙት።

በጎጃም ሊያዋጣ የሚችለው ከመሬቱ የሚነሳው ነው። ኢሲፔ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ወጣቶችን በንብ ማነብና በሐር ሥራ የሚያደራጅ ፕሮግራም በአማራ ክልል ጭምር ጀምሯል፤ ሁለተኛው ምዕራፍ 100 ሺህ ወጣት ለመድረስ የታቀደ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የተመረቁት የቡሬው ፊቤላና የደብረ ማርቆሱ ደብሊው ኤ የዘይት ፋብሪካዎችም ላቦራቶሪ አላቸው፤ እዚያ ለኢንተርንሺፕ የሚገባ የኬሚስትሪ ተማሪ የዘይት አሲድነትና የፔሮክሳይድ መጠን መለካት ከተማረ የምግብ ጥራት ምርመራ ራሱን የቻለ ንግድ መሆኑን ይረዳል። የማር ጥራት፣ የድንች ዘር ማከማቻ፣ የአፈር ምርመራ፦ እነዚህ ዛሬ ከፋይ ያላቸው ሥራዎች ናቸው። ሁለት ክረምት ገበሬ ዘንድ የሠራ ወጣት ማን እንደሚከፍል ያውቃል፤ ያልሠራው ዳኞች ፊት ይገምታል።

ለመምህራንና ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የምለው አለኝ። ማስታወቂያ በቴሌግራም ሲደርሳችሁ ለሁሉም ተማሪ አስተላልፉት፤ ለጎበዙ ብቻ አታድርጉት። የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቅ ተማሪው ምን እንደሠራ ጠይቃችሁ በራሳችሁ ቃል ጻፉ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ መፈረም ተማሪውን ይጎዳል። ሬጅስትራርም የእንግሊዝኛ የውጤት ማስረጃ ለመስጠት ሳምንታት አያስጠብቅ። የላቦራቶሪ ቁልፍ የያዛችሁ ደግሞ ፒኤች ሜትሩን በክረምት የሚጠቀሙ ተማሪዎችና ኃላፊነት የሚወስድ መምህር ከግንቦት በፊት ለዩ።