«ድንጋይ ለማየት ነው ቅዳሜዬን የማቃጥለው?»

ባለፈው ዓመት ነው። ኮሌጅ የጀመረው ልጄ አንድ ሐሙስ ማታ ከሥራ እስክገባ ጠብቆ፣ «እማዬ፣ ቅዳሜ ካልቨርት ክሊፍስ ታደርሽኛለሽ? ለጂኦሎጂ ኤክስትራ ክሬዲት አለው» አለኝ። ባቡር የማይደርስበት፣ ከዲሲ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚወስድ ቦታ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በእግሬ ቆሜ ነበርና «ድንጋይ ለማየት ነው ቅዳሜዬን የማቃጥለው?» ብዬ ሳቅኩ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከ1000 ነጥብ 885 አመጣ። «ኤ» የሚጀምረው ከ900 ነበር። ያ የቀረው ጉዞ ስንት ነጥብ እንደነበረው የኮርሱን ወረቀት ሳነብ አየሁት፤ 20 ነው። እሱ ምንም አላለኝም። ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ።

እናንተ ቤት እንዲህ እንዳይሆን ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ነገሩ ምንድን ነው?

ብዙ ኮሌጆች ተማሪው ቢዝነስም ያጥና ነርሲንግ፣ የሳይንስ ኮርስ እንዲወስድ ይጠይቃሉ። ስለ አለት፣ ስለ እሳተ ገሞራና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚያስተምረው የመግቢያ ጂኦሎጂ አንዱ ምርጫ ነው። ኤክስትራ ክሬዲት ደግሞ ከፈተናውና ከቤት ሥራው ውጭ፣ ተማሪው ራሱ ሄዶ፣ አይቶና ጽፎ የሚያገኘው ተጨማሪ ነጥብ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚዛወር ወይም ስኮላርሺፕ ለያዘ ልጅ አንድ ፊደል ከፍ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ልጆቻችን መምህርን «ነጥብ ጨምርልኝ» ማለት ያሳፍራቸዋል። ይህ ግን ልመና አይደለም፤ መምህሩ ራሱ ለሁሉም ተማሪ ያቀረበው ዕድል ነው። «ሲላበስ» የሚባለውን የኮርስ መመሪያ አብራችሁ አንብቡ። ስንት ነጥብ ነው? እስከ መቼ ነው? ማስረጃው ምንድን ነው? መመሪያው ላይ ከሌለ በሴሚስተሩ መጀመሪያ በትህትና መጠየቅ ነውር የለውም። በመጨረሻው ሳምንት መለማመጥ ግን አይሠራም።

የት ትሄዳላችሁ?

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ቦታ ሞልቷል። መምህሩ የሚቀበለው መሆኑን ብቻ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፦ መግቢያው ነጻ ነው። 45.52 ካራት የሚመዝነው ሰማያዊው ሆፕ አልማዝ እዚያ ይገኛል። ሰው ሁሉ ፎቶ አንስቶት ይሄዳል። ተማሪው ግን «ለምን ሰማያዊ ሆነ?» ብሎ ይጠይቅ። ቦሮን የተባለ ንጥረ ነገር በጣም በጥቂቱ ስለገባበት ነው። እንዲህ ያለች አንድ ጥያቄ ከአሥር ፎቶ ትበልጣለች።

የዋሽንግተን ሐውልት፦ በአጠገቡ ስንት ጊዜ አልፋችኋል? 46 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የድንጋዩ ቀለም ይለወጣል። ግንባታው በ1848 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1854 ተቋረጠ። በ1879 ሲቀጥል እብነ በረዱ ከሌላ ካባ መጣ። ከዚያ በእግር ወደ ሊንከን መታሰቢያ ዝለቁ። የውጩ እብነ በረድ ከኮሎራዶ፣ የተቀመጠው የሊንከን ምስል እብነ በረድ ከጆርጂያ፣ የውስጡ ግድግዳ ደግሞ ከኢንዲያና የመጣ የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ በመሬት ውስጥ በሙቀትና በግፊት ሲለወጥ እብነ በረድ ይሆናል። ልጁ ሁለቱን ዓይነት በአንድ ሕንፃ ያያል ማለት ነው።

ካልቨርት ክሊፍስ፣ ሜሪላንድ፦ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የሻርክ ጥርሶች ከገደሉ እየተሸረሸሩ ወደ ውሃው ዳር ይወርዳሉ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ዳርቻው 1.8 ማይል የእግር መንገድ ስላለ ጥሩ ጫማ፣ ውሃና ምሳ ያዙ። ዳርቻው ላይ ያገኛችሁትን ጥርስ መውሰድ ይፈቀዳል። ገደሉ ሥር መሄድና መቆፈር ግን ክልክል ነው፤ ይናዳል።

ሳሎናችሁ፦ መኪና ወይም ጊዜ ከሌለስ? ኦገስት 23 ቀን 2011 በቨርጂኒያ የተነሳው 5.8 መጠን ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ የዋሽንግተንን ሐውልት ሰንጥቆ እስከ 2014 አዘግቶታል። እናንተስ ያን ቀን የት ነበራችሁ? ስንተኛ ፎቅ? ምን ወደቀ? የአሜሪካ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤትም መንቀጥቀጥ ሲኖር ሕዝቡን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከመልሱም ካርታ ይሠራል። በጃንዋሪ 2025 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ልጁ ዘመድ ጋ ደውሎ ጠይቆ፣ ከእናንተ ትዝታ ጋር ሊያወዳድረው ይችላል።

አያት ካሉም ስለ ወፍጮ ይጠየቁ። ሻካራው ድንጋይ ለምን ይመረጣል? ሲልስ ለምን ይወቀራል? ያ ጥቁር ባለ ቀዳዳ ድንጋይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ባሳልት ነው፤ ቀዳዳዎቹም ቅላጩ ሲቀዘቅዝ ጋዝ የነበረባቸው ናቸው።

ጽሑፉ ላይ ተጠንቀቁ

ቀኑና ቦታው ይጻፍ። ተማሪው ራሱ ያለበት ፎቶ ይኑር። ያየው ነገር ከየትኛው የክፍል ትምህርት ጋር እንደሚገናኝ ይግለጽ። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ጽሑፍ ነጥብ ማሳጣት ብቻ አይደለም፣ ዲሲፕሊን ፊት ሊያቀርብ ይችላል። ወላጆችም አንጻፍላቸው፤ የኛ ድርሻ መንዳት፣ መጠየቅና ማዳመጥ ነው።

ዘንድሮ ታናሽ እህቱ ያንኑ ኮርስ ወሰደች። ሳትጠይቀኝ ቅዳሜን ከሥራ አስፈቀድኩና ሦስታችን ካልቨርት ክሊፍስ ሄድን። ሁለት ሰዓት አሸዋ ላይ ጎንበስ ብለን ፈለግን። በመጨረሻ የጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ጥርስ ያገኘው ወንድሟ ነው። ነጥቡ ለእሷ ነው፤ ለእሱ ምንም አያስገኝለትም። እሱ ግን ጥርሷን ይዞ መጀመሪያ የሮጠው ወደ እኔ ነበር።

ዛሬ ማታ ልጃችሁን «ኤክስትራ ክሬዲት ያለው ኮርስ አለህ ወይ?» በሉት። ቀኑንም ካላንደሩ ላይ ጻፉ።