ፊደል የገባበት የይለፍ ቃል፦ ታኮማ ላይ የቤት ኢንተርኔት ስናስገባ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ታኮማ የሚኖሩት አክስቴ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይህ ኮምፒውተርህ እንቢ አለኝ። ያልከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ እሱ ግን ደጋግሞ የይለፍ ቃል አምጪ ይለኛል» አሉ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር በቪዲዮ ቀጠሮ ነበራቸው። የስኳር መድኃኒታቸው መጠን ሊስተካከል ነው፤ ይህ ቀጠሮ ካለፈ ሌላ እስኪገኝ ብዙ መጠበቅ አለ። በስልካቸው እንዳይገቡ የወሩ ዳታ አልቋል። እኔ የምኖረው ሲያትል ነው፤ ታኮማ ከዚያ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

ላፕቶፑን የሰጠኋቸው እኔው ነኝ። የቆየ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭኜ፣ ደሴ ላሉት እህታቸው በአማርኛ እንዲጽፉ ብዬ የአማርኛ ኪቦርድ አስገብቼበታለሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የተቆረጠው የቱ ጋ ነው?

ታኮማ በኢንተርኔት ታሪክ ለየት ያለች ከተማ ናት። በአሜሪካ በአብዛኛው ቦታ የኢንተርኔት ኬብል የሚዘረጋው የግል ኩባንያ ነው። እዚህ ግን የከተማው የመብራት ድርጅት ራሱ «ክሊክ» የተባለ የኬብል ኔትወርክ ዘርግቶ እ.ኤ.አ. በ1998 አገልግሎት ጀመረ። ሥራውን ለግል ኩባንያ ያስተላለፈው በ2020 ነው። የአክስቴ ሳሎን ግድግዳ ላይም ክብ የኬብል መሰኪያ አለ።

የቤት ኢንተርኔት የሰንሰለት ነገር ነው። ኬብሉ ከግድግዳው ወደ ሞደም ይገባል። ሞደሙ ከኩባንያው መስመር ጋር ይነጋገራል። ራውተሩ ደግሞ ያንን አንድ መስመር ለቤቱ ዕቃዎች ሁሉ ያከፋፍላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ ያለውን መንገድ ዋይፋይ ይሸፍነዋል። ችግር ሲመጣ ሁሉንም በአንዴ ከመነካካት ከግድግዳው ተነስቶ አንድ በአንድ ማየት ይሻላል።

እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ኬብሉ ጠብቆ ታስሯል። የሞደሙ መብራቶች በርተዋል። ራውተሩ ሥር ከተለጠፈችው ወረቀት ላይ የይለፍ ቃሉን አንብቤ በራሴ ስልክ ዋይፋዩ ውስጥ ገባሁ፤ ገጽ ከፈትኩ፤ ተከፈተ። መስመሩም፣ ሞደሙም፣ ራውተሩም ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። የቀረው ላፕቶፑ ብቻ ነው።

ላፕቶፑ ላይ ያንኑ የይለፍ ቃል ጻፍኩ። አልቀበልም አለ። ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ ደገምኩት። አሁንም አልተቀበለም። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ ላፕቶፑን አስነሳሁ፤ ከራውተሩ አጠገብ ወስጄ ሞከርኩ። አንድ ሰዓት አለፈ። አክስቴ ቡናውን እየቀዱ፣ «ተወው ልጄ፣ አትድከም። እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» አሉ።

ሠላሳ ጊዜ ያህል ከሞከርኩ በኋላ ነው የይለፍ ቃሉን የምታሳየውን የዓይን ምልክት የነካሁት። ከነጥቦቹ ጀርባ የተደረደረው የላቲን ፊደል አልነበረም፤ የራሳችን ፊደል ነበር። የአማርኛውን ኪቦርድ አንደኛ አድርጌ ያስቀመጥኩት እኔ ስለሆንኩ ላፕቶፑ ሁልጊዜ የሚጀምረው በእሱ ነው። እሳቸው የጻፉትም እኔ የጻፍኩትም በአማርኛ ሲገባ ዋለ፤ ነጥቦቹ ደግሞ ሸፈኑት። ሱፐር እና ስፔስ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭኜ ኪቦርዱን ቀየርኩ፣ ጻፍኩ፣ ገባ።

«እቴቴ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም፤ የእኔ ነው» አልኳቸው።

ለምን አማርኛ አይቀበልም?

በቤቶች በስፋት የሚሠራበት ደብልዩፒኤ-2 የተባለው የዋይፋይ ጥበቃ የይለፍ ቃሉ ከ8 እስከ 63 ምልክት እንዲሆን ያዛል፤ ምልክቶቹም አስኪ ከሚባለው የቆየ ዝርዝር ብቻ መሆን አለባቸው። ያ ዝርዝር የላቲን ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና ጥቂት ምልክቶችን እንጂ የእኛን ፊደል አያውቅም።

የኔትወርኩ ስም ግን በአማርኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ስነግራቸው አክስቴ ፊታቸው በራ። «እንግዲያው እግዚአብሔር ይመስገን በለው» አሉ። ብሮውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ ከፍቼ ጻፍኩት። ገጹም ያለ ምንም ቅሬታ ተቀበለኝ። ስልኬ ላይ የታየው ግን «እግዚአብሔር ይመስ» የሚል ነው፤ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት የያዘች የተሰበረች ፊደል ተለጥፋለች።

ነገሩ የሒሳብ ነው። የዋይፋይ ስም ከ32 ባይት መብለጥ አይችልም። በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» 12 ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ 37 ባይት ይሆናል። ገጹ የቆጠረው ምልክቶቹን ስለሆነ 13 ብቻ ናቸው ብሎ አሳለፈው። ራውተሩ ግን 32ኛው ባይት ላይ ቆረጠው፤ «ገ» ከሦስት ባይቷ አንዷ ብቻ ተረፈች። ስለዚህ በአማርኛ የዋይፋይ ስም ስታወጡ ከ10 ፊደል አትለፉ።

ሶፍትዌር ለምትጽፉ ደግሞ ከዚህ ሁለት ነገር ውሰዱ። ገደቡ በባይት ከሆነ ባይት ቁጠሩ፤ መቁረጥ ግድ ከሆነም ፊደል ሳትሰብሩ ቁረጡ። የይለፍ ቃል መጻፊያ ሳጥን ስትሠሩ የትኛው ኪቦርድ እንደበራ አጠገቡ አሳዩ። እናቶቻችን «አልተፈጠርኩም» የሚሉት እኛ እዚህች ቦታ ላይ ስለዘለልናት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ላፕቶፑ ዋይፋዩ ውስጥ ገብቶም ገጽ አልከፍትም ካለ የአይፒ አድራሻውን እዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠውም፤ ግንኙነቱን አቋርጣችሁ እንደገና አገናኙት። እንደ 192.168 ባለ ቁጥር የሚጀምር ከሆነ እስከ ራውተሩ ደህና ነው፤ ችግሩን ከዚያ ወዲያ ፈልጉ።

ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ሲል ስልኬ ጠራ። ሐኪሟን ፊት ለፊት እንዳዩዋት፣ መድኃኒቱም እንደተስተካከለ ነገሩኝ። በመጨረሻ የመረጥነው ስም «ተመስገን» ነው፤ 5 ፊደል፣ 15 ባይት። ከጎረቤቶቻቸው የእንግሊዝኛ ስሞች መሐል እሱ ብቻ በእኛ ፊደል ተጽፎ ይታያል።