ማመዶች (የወረ ሂመኖ ገዥ ቤተሰብ)

ማመዶች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወረ ሂመኖን፣ በኋላም አብዛኛውን ወሎ የገዛ ሙስሊም የኦሮሞ ባላባት ቤተሰብ ነው። መቀመጫው ከደሴ በስተምዕራብ በተንታና በመቅደላ አካባቢ ነበር። ከዚህ ቤት ብዙ ኢማሞች፣ አንድ ንጉሥ (ንጉሥ ሚካኤል)፣ የኢትዮጵያን ዙፋን የያዘ አንድ አልጋ ወራሽ (ልጅ ኢያሱ) እና ሁለት እቴጌዎች ወጥተዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ

«ማመድ» መሐመድ የሚለው ስም በአካባቢው አጠራር ነው፤ «ማመዶች» ማለትም «የማመድ ልጆች» እንደ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ቤቱን ካጠናከረው ከመሐመድ አሊ ነው። «ወረ» በኦሮምኛ «ቤት»፣ «ቤተሰብ» ማለት ነው። ወረ ሂመኖ፣ ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ የሚሉት የቦታ ስሞች ሁሉ መጀመሪያ የሰው ቤት ስሞች ነበሩ። ወደ ደቡብ ወርዶ በዛሬው የኦሮሚያ ብሔረሰብ ዞን፣ በከሚሴና በሰንበቴ ዙሪያም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ጅሌና አርቱማ ዛሬ የወረዳ ስሞች ቢሆኑም ከዚያ በፊት የጎሳ ስሞች ናቸው። በዚህ አገር የዘር ሐረግ መሬቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል ማለት ይቻላል።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝን የያዙት የኖርማን መሳፍንት አካሄድ የዚህ ተቃራኒ ነበር። እነርሱ የቦታን ስም ለቤተሰብ ይሰጡ ነበር። ለምሳሌ የ«ደ ክሌር» ቤተሰብ ስም «የክሌር» ማለት ነው፤ ክሌርም በምሥራቅ እንግሊዝ ያለች ቦታ ናት። ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ስለሚሄድ የደ ክሌርን ሐረግ የሚከተል ሰው አንድ ስም ይዞ መቶ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ይችላል። የማመዶችን ሐረግ የሚከተል ግን በየትውልዱ አዲስ ስም ያጋጥመዋል።

የሐረጉ መነሻ

ከቤቱ የቀደመ አባት ሆኖ የሚጠራው ባቦ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚነሳው መሐመድ አሊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ኃይሉን አስፋፋ። ከዚያ አመዴ፣ ከእርሱም ልጁ ሊበን አመዴ ተከተሉ። ገዥዎቹ «ኢማም» የሚለውን ማዕረግ ይዘው አገራቸውን በእስልምና ስም ያስተዳድሩ ነበር። ይህም ከሌሎች የወሎ ባላባቶች በላይ ከፍ አድርጓቸዋል።

አንባቢን በብዛት የሚያሳስተው እዚህ ቦታ ነው። ልጅ በአያቱ ስም የመጠራት ልማድ ስለነበረ ሊበን አመዴ፣ አመዴ ሊበን፣ ከዚያም እንደገና ሊበን እየተባለ ይቀጥላል። አንድ ታሪክ «ኢማም ሊበን» ብሎ ብቻ ሲጽፍ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በዘመኑ ነው። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ በ1834 ዓ.ም. ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ተንታ ላይ ያገኘው ኢማም ሊበን ገና ወጣት ነበር፤ ስለዚህ የእቴጌ መነን አባት የሆነው ሊበን ሊሆን አይችልም። (ክራፕፍ ከዚያ ጉዞ ሲመለስ አዳራ ቢሌ የተባለ የወሎ ባላባት ያለውን ሁሉ ዘርፎታል።) በዚህ ላይ የፈረስ ስም ይጨመራል። አባ ቡላ፣ አባ ዋጠው፣ አባ ሻንቆ የሚሉት በሰነዶች ውስጥ አንዳንዴ ዋናውን ስም ሙሉ በሙሉ ይተኩታል።

ከየጁ ጋር የተደረገው ጋብቻ

የኢማም ሊበን አመዴ ልጅ መነን የራስ ጉግሣን ልጅ አሉላን አገባች። ራስ ጉግሣ ጎንደርን ከደብረ ታቦር ሆኖ ይገዛ የነበረው የየጁ ቤት፣ የወረ ሼህ አለቃ ነው። የመነንና የአሉላ ልጅ ራስ አሊ (ዳግማዊ) ገና በልጅነቱ የመንግሥቱ እንደራሴ ሆነ፤ ሥልጣኑን በተግባር የያዘችው ግን እናቱ ነበረች። እርሷም በኋላ አፄ ዮሐንስ ሣልሳዊን አግብታ እቴጌ ተባለች። ሐረጉን በወንድ በኩል ብቻ ለሚቆጥር ሰው መነን የየጁ ቤት ሚስት ብቻ ትመስላለች፤ በእርግጥ ግን የዘመነ መሳፍንትን መጨረሻ የወሎ ኢማሞች ልጅ ናት የመራችው።

የራስ አሊ ልጅ ተዋበች ደግሞ ለቋራው ካሣ ተዳረች። ካሣ በ1839 ዓ.ም. የሚስቱን አያት እቴጌ መነንን ማረካት፤ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማቱን ራስ አሊን ድል አደረገ፤ ከዚያም አፄ ቴዎድሮስ ሆኖ ነገሠ። ስለዚህ ቴዎድሮስ ወሎን ሲወጋ የሚወጋው የባለቤቱን ቅድመ አያት ቤት ነበር።

ሁለቱ መበለቶችና መቅደላ

ቴዎድሮስ እንደነገሠ ወዲያው ወደ ወሎ ዘምቶ የማመዶችን ጠንካራ አምባ መቅደላን ያዘ፤ የቤቱን ልጆችም መያዣ አድርጎ እዚያው አስቀመጠ። ከእነርሱ አንዱ የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ነበር። ወርቂት በባሏ ሞት በኋላ የቤቱን አገር የያዘች ሴት ናት። ከእርሷ ጋር የምትፎካከረው ወይዘሮ መስተዋትም ከዚሁ ቤት ነበረች፤ መስተዋት የምትደግፈው የራሷን ልጅ አመዴን፣ በፈረስ ስሙ አባ ዋጠውን ነበር።

ሰኔ 1857 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወርቂት አገር ገባ። ወርቂት ሁለት መንገድ ነበራት፤ ምኒልክን አስረክባ ልጇን ማስለቀቅ ወይም ምኒልክን ወደ ሸዋ ማሳለፍ። አሳለፈችው። ቴዎድሮስም ልጇን ከሌሎች የኦሮሞ መያዣዎች ጋር ከመቅደላ ገደል አስወረወረው። ምኒልክ በዚያ ቀን ቢያዝ ኖሮ የኋላው የሸዋ ታሪክ በሌላ መልክ ይጻፍ ነበር፤ የዚህ ዋጋ ግን የተከፈለው ከወሎ ቤት ነው።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ራሱን ሲያጠፋ ሁለቱም ሴቶች አምባውን ፈለጉት። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር ለማንም ሳይሰጥ አቃጥሎት ሄደ።

የቦሩ ሜዳ ጥምቀት

ከዚህ በኋላ የቤቱን አለቅነት ሁለት ሰዎች ተሻሙት። አንዱ የመስተዋት ልጅ አባ ዋጠው ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1842 ዓ.ም. አካባቢ ከኢማም አሊ አባ ቡላና ከወይዘሮ ጌቲቱ የተወለደው መሐመድ አሊ ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ። ሁለቱም ተጠመቁ። መሐመድ አሊ አፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆነውት «ሚካኤል»፣ አባ ዋጠው ምኒልክ የክርስትና አባት ሆነውት «ኃይለ ማርያም» ተባሉ። የክርስትና አባት ምርጫው የፖለቲካ ነበር፤ እያንዳንዱ የወሎ ሰው ለአንዱ ጌታ ታሰረ።

ሕዝቡ እንደ መኳንንቱ ወዲያው አልተከተለም። በ1870ዎቹ መጨረሻ ገደማ የአርጎባው ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር የግዳጁን ጥምቀት በመቃወም በምሥራቅ ወሎ ተነሡ። ለዘር ሐረግ ተመራማሪም ይህ ዓመት ወሳኝ ስንጥቅ ነው። ከ1870 በፊት በእስላም ስም የሚገኝ ሰው ከዚያ በኋላ በሌላ ስም ይመጣል፤ «መሐመድ አሊ» እና «ራስ ሚካኤል» አንድ ሰው መሆናቸውን የማያውቅ አንባቢ ሐረጉ የተቋረጠ ይመስለዋል።

ንጉሥ ሚካኤልና ልጆቹ

ራስ ሚካኤል፣ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ፣ ደሴን ዋና ከተማቸው አደረጉ፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ተዋጉ። የአፄ ምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አግብተው ከእርሷ ዘነበወርቅንና በ1887 ዓ.ም. ኢያሱን ወለዱ። ዘነበወርቅ ለጎጃሙ ራስ በዛብህ ተዳረች። ከሌላ ሚስት የተወለደችው ስሂን ሚካኤል ደግሞ የአምባሰሉን ጃንጥራር አስፋውን አግብታ መነን አስፋውን ወለደች።

ወንድ ልጅ ያልነበራቸው አፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ኢያሱም አባቱን ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ንጉሠ ወሎ ወትግሬ አድርጎ አነገሠ። በእናቱ ሰሎሞናዊ፣ በአባቱ ከኢማሞች ቤት መሆኑ መጀመሪያ ጥንካሬው ነበር፤ በኋላ ግን መከሰሻው ሆነ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ ከተሰነዘሩበት ክሶች አንዱ ሐረጉን እስከ ነቢዩ መሐመድ የሚቆጥር የትውልድ ዝርዝር አዘጋጅቷል የሚል ነበር። የዘር ሐረግ ወረቀት በዙፋን ክርክር ላይ ይህን ያህል ክብደት ያገኘበት ሌላ ጊዜ በአገሪቱ የቅርብ ታሪክ ጥቂት ነው።

ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ዘምተው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ፤ በ1910 ዓ.ም. መጨረሻም በእስር ላይ እንዳሉ አረፉ። ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. ተይዞ በፍቼ፣ ቀጥሎም በሐረርጌ በግራዋ ታሰረ፤ በ1928 ዓ.ም. ሞተ።

በሴት በኩል የቀጠለው ሐረግ

ሰገሌ ላይ የማመዶች ወንድ መስመር ከሥልጣን ወጣ፤ ቤቱ ግን ከቤተ መንግሥት አልወጣም። የስሂን ልጅ መነን አስፋው በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን አግብታ ነበር፤ ጋብቻውንም የደገፈው አጎቷ ልጅ ኢያሱ ነው። በ1909 ዓ.ም. ባሏ ከአያቷና ከአጎቷ ጠላቶች ወገን ሆኖ አልጋ ወራሽ ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ መነን እቴጌ ሆና ዘውድ ጫነች። የመጀመሪያዋ እቴጌ መነን የኢማም ሊበን ልጅ ስለነበረች፣ በስም የሚመሳሰሉት ሁለቱ እቴጌዎች በሐረግም ከአንድ ቤት ናቸው።

በዚህ መስመር የኃይለ ሥላሴና የመነን ስድስት ልጆች፣ ተናኘወርቅ፣ አስፋወሰን፣ ዘነበወርቅ፣ ፀሐይ፣ መኮንንና ሣህለ ሥላሴ፣ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ልጆች ናቸው። የበኩር ወንዱ አስፋወሰን የመርዕድ አዝማችነት ማዕረግ ተሰጥቶት የወሎ ገዥ ሆነ፤ መቀመጫውም ቅድመ አያቱ ከተማ ያደረጓት ደሴ ነበረች።